በርጩማ ላይ የቆሙት ሰው

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1944 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አንዲት የ15 ወር ሕፃን ለቀዶ ጥገና ተኛች። ክብደቷ አምስት ኪሎ አይሞላም። ልቧ ከተፈጥሮው እክል ስለነበረበት ወደ ሳንባዋ የሚደርሰው ደም አነስተኛ ነው፤ ከንፈሯም ጥፍሯም ሰማያዊ ሆኗል። ቢላዋውን የያዙት ዶክተር አልፍሬድ ብላሎክ ናቸው። ከኋላቸው አንድ ጥቁር ሰው በርጩማ ላይ ቆመው፣ በትከሻቸው አሻግረው እያዩ የስፌቱን አቅጣጫ ይነግሯቸዋል። ቪቪየን ቶማስ ይባላሉ።

በ2004 የወጣው የጆሴፍ ሳርጀንት ፊልም «ሰምቲንግ ዘ ሎርድ ሜድ» የሚተርከው ይህንን ታሪክ ነው። አለን ሪክማን ብላሎክን፣ ሞስ ዴፍ ቶማስን ሆነው ይተውናሉ። ፊልሙን ሳየው ዓይኔ ከዚያች በርጩማ አልነቀል አለ።

ቶማስ አናጢ ነበሩ። ሐኪም ለመሆን ያጠራቀሙትን ገንዘብ የ1930ዎቹ መባቻ የባንክ ውድቀት በላው። በ1930 በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በብላሎክ ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ፤ ሥራቸው የምርምር ሆኖ ሳለ በመዝገብ የሰፈሩት በጽዳት ሠራተኛነት ነው። ይህን ስጽፍ ብላሎክን አንቱ፣ ቶማስን አንተ ማለት እጄ እንቢ አለኝ።

ሁለቱ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ከተዛወሩ በኋላ የሕፃናት የልብ ሐኪሟ ሄለን ታውሲግ ለሳንባ ተጨማሪ ደም የሚያደርስ መንገድ እንዲፈለግ ጠየቁ። መልሱ ወደ ክንድ የሚሄደውን ደም ቅዳ ቆርጦ ወደ ሳንባ ከሚሄደው ጋር መስፋት ሆነ። ይህን በውሾች ላይ ደጋግመው የሠሩት ቶማስ ናቸው። ለሕፃን ደም ሥር የሚመጥን መሣሪያ ስላልነበረ መርፌውን ያሳጠሩትም እሳቸው ናቸው። ብላሎክ ያን ስፌት በዋና ሠሪነት አልሞከሩትም ማለት ይቻላል። ቶማስ በርጩማ ላይ እንዲቆሙ የፈለጉትም ለዚህ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕፃኗ ተሻላት። ዕድሜዋ ግን አልረዘመም፤ ከወራት በኋላ አረፈች። ሌሎች ብዙ ሕፃናት በዚያ ስፌት ዳኑ። በ1945 የወጣው የሕክምና ጽሑፍ የብላሎክንና የታውሲግን ስም ይዟል፤ የቶማስ ስም የለበትም።

ቶማስ ያሠለጠኗቸው ቀዶ ሐኪሞች በ1971 ምስላቸውን አሥለው አበረከቱ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1976 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ የተሰጣቸው ግን የሕግ እንጂ የሕክምና አልነበረም። ምስላቸው የተሰቀለው ከብላሎክ ምስል ጎን ነው፤ በርጩማ የለም፣ በቁመታቸው እኩል ናቸው።