ነፋስ ከኋላ ሲመጣ፦ ከአዱሊስ ሸራ እስከ አዳማ ማማዎች

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ወደ አዳማ ስትቃረቡ፣ በኮረብታዎቹ ላይ የተሰለፉ ነጫጭ ማማዎች ከሩቅ ይታያሉ። አዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲመረቅ 34 ተርባይኖችና 51 ሜጋዋት አቅም ነበረው። አዳማ ሁለት ደግሞ በ2015 ሌላ 102 ተርባይንና 153 ሜጋዋት ጨመረ። ይሄን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ግን አንድ ነገር አስተውላችኋል? ተርባይኖቹ ዓመቱን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይመለከቱም። በበጋ በአብዛኛው ፊታቸው ወደ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚዞሩባቸው ቀናት ይበዛሉ። ማሽኑ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እየለካ ራሱን ያዞራል።

ታዲያ ነፋሱ ራሱ ለምን ይዞራል? በሰሜኑ የበጋ ወራት፣ ማለትም የእኛ ክረምት ሲሆን፣ የእስያ ምድር ከውቅያኖሱ ይልቅ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳ እርጥብ አየር ቦታውን ለመሙላት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጎርፋል። ከስድስት ወር በኋላ ምድሩ ይቀዘቅዝና ነገሩ ይገለበጣል፤ ነፋሱ ከእስያ ወደ አፍሪካ ይነፍሳል። ይህ ሞንሱን ይባላል። የስምጥ ሸለቆው ግድግዳና የየአካባቢው ከፍታ ነፋሱን በየቦታው ያጣምሙታል እንጂ፣ ዋናው ወቅታዊ መገላበጥ ከዚያ ሰፊ ውቅያኖስ ሰማይ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ከአዳማ ኮረብታ ወርደን ወደ ባሕር እንሂድ። ምክንያቱም ተርባይን ከመተከሉ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ይህን የነፋስ መዟዟር ለኑሯቸው ያዋሉ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ግን ማማ አልነበራቸውም። የነበራቸው ሸራ ነው።

በአንደኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ስሙን ያልነገረን አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ለነጋዴዎች የሚሆን የጉዞ መመሪያ አዘጋጀ። መጽሐፉ «የኤርትራ ባሕር ዙሪያ ጉዞ» በሚል ስም ይታወቃል፤ በዚያ ዘመን ይህ ስም ቀይ ባሕርን ብቻ ሳይሆን የሕንድ ውቅያኖስንም ይጨምር ነበር። ዛሬ በኤርትራ የዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ፍርስራሹ የሚገኘው አዱሊስ እዚያ ውስጥ ተጠቅሷል። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ድንጋይ ይወጣበታል፤ ከሕንድ ደግሞ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይገባበታል። የአካባቢው ንጉሥ ዞስካለስም ግሪክኛ ማንበብ የሚችል ሰው እንደነበረ ጸሐፊው ይነግረናል።

ለእኛ ግን ከዕቃዎቹ ዝርዝር ይልቅ የሚገርመው የቀን መቁጠሪያው ነው። ጸሐፊው ከግብፅ ወደ አዱሊስ ለመምጣት ምቹ ነው የሚለው ወር «ቶት» ሲሆን፣ ወደ ሕንድ ለመሄድ ደግሞ «ኤፒፊ» ነው። እነዚህ የግብፅ ወራት ናቸው። የግብፅና የእኛ ዘመን አቆጣጠር ወንድማማቾች ስለሆኑ፣ ቶት ማለት መስከረም፣ ኤፒፊ ማለት ሐምሌ ነው! ማለትም ያ የሁለት ሺህ ዓመት መመሪያ በእኛ አፍ ሲነበብ «በመስከረም ወደ አዱሊስ፣ በሐምሌ ወደ ሕንድ» ይሆናል።

ለምን በእነዚህ ወራት? የቀይ ባሕርን ነፋስ በካርታ አስቡት። በሰሜኑ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሜን ይነፍሳል። በደቡቡ ክፍል ግን ይቀያየራል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰሜን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ከደቡብ። አዱሊስ ያለው በዚህ በሚቀያየረው ክፍል ነው። ስለዚህ ከዚያ የሚነሳ መርከብ በክረምት በሰሜኑ ነፋስ ተገፍቶ ወደ ባብ ኤል መንደብ ይወርዳል፤ ከዚያ የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን ተቀብሎ ወደ ሕንድ ይወስደዋል። ሲመለስ በበጋ የሰሜን ምሥራቅ ሞንሱን ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ያመጣዋል፤ ከዚያም የደቡቡ ነፋስ ወደ ቤቱ ይገፋዋል። ሄዶ ሲመጣ ዋናው መንገድ ሁሉ ነፋስ ከኋላ ነው!

ወደ ግብፅ ለሚመለሰው ግን ዕድሉ እንዲህ አልነበረም። ወደ ሰሜን በወጣ ቁጥር የሰሜኑ ነፋስ ፊቱ ላይ ይመጣበታል። ለዚህም ነው ነጋዴዎቹ እስከ ስዊዝ ድረስ ከመታገል ይልቅ በደቡብ ግብፅ በረሃ ዳር ባለችው በበረኒቄ ወደብ ዕቃቸውን እያራገፉ በግመል ወደ ናይል መሄድን የመረጡት። በረሃ ማቋረጥ ከነፋስ ጋር ከመጣላት ቀለላቸው።

ነፋሱን እንዲህ ካወቅን፣ ሸራው ምን ዓይነት ነበር? በረኒቄና ሚዮስ ሆርሞስ በተባሉት ሁለት የግብፅ ወደቦች የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የሸራ ቁርጥራጮች አግኝተዋል። አንዳንዶቹ ከጥጥ የተሠሩና በሕንድ አፈታተል የተፈተሉ ናቸው። በላያቸው ማጠናከሪያ ጥብጣብ ተሰፍቷል። ከቀንድና ከእንጨት የተሠሩ ትናንሽ ቀለበቶችም ተገኝተዋል። እነዚህ ቀለበቶች የአራት ማዕዘን ሸራ ምስክሮች ናቸው። ገመዶች ከሸራው ታች ተነስተው በቀለበቶቹ ውስጥ ያልፉና ከላይ ካለው አግዳሚ እንጨት ዞረው ወደ ወለሉ ይወርዳሉ። መርከበኛው ገመዶቹን ሲስብ ሸራው እንደ መጋረጃ ይሰበሰባል። ምሰሶ ላይ መውጣት ሳያስፈልግ ሸራውን ማሳነስ ይቻላል ማለት ነው።

ይሄ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከኋላ የሚመጣ ነፋስ አታላይ ነው። እስቲ በብስክሌት አስቡት። ነፋስ ከኋላችሁ እየገፋ ስትነዱ ጸጥ ያለ ይመስላችኋል፤ ላባችሁ እንኳን አይደርቅም። ዞር ብላችሁ ስትመለሱ ግን አቧራው ፊታችሁን ይገርፋችኋል። ነፋሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእናንተ አቅጣጫ ነው።

በቁጥር እንየው። ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ ጀልባዋ ደግሞ አብራው በ10 ብትሄድ፣ ሸራው የሚያገኘው 20 ብቻ ነው። ፊቷን ወደ ነፋሱ ብታዞርና ፍጥነቷን ለቅጽበት ብትይዝ ግን 40 ይሆናል። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከኋላ ለሚመጣ ነፋስ የሚመረጥ ሸራ ሁለት የሚጋጩ ነገሮች ይጠየቃሉ። የሚያገኘው ነፋስ ትንሽ ስለሆነ ሰፊ መሆን አለበት፤ ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ቶሎ መሰብሰብ አለበት። የጥንቶቹ ቀለበቶች ለሁለተኛው ጥያቄ የተሰጡ መልስ ናቸው። የጉዞ መመሪያው ጸሐፊም በሐምሌ ወደ ሕንድ መሄድ አስቸጋሪ ቢሆንም መንገዱን እንደሚያሳጥር ጽፏል። ያ ባሕር በክረምት እንዴት እንደሚቆጣ ያውቅ ነበርና።

ከኋላው የመጡ ዘመናት ሌላ ምርጫ አመጡ። በመካከለኛው ዘመን በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ የታወቁት የዐረብ ጀልባዎች ሰያፍ በሆነ ረጅም እንጨት ላይ የተንጠለጠለ፣ ወደ ሦስት ማዕዘን የሚጠጋ ሸራ ነበራቸው። ይህ ሸራ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ እንደ ወፍ ክንፍ ይሠራል፤ አየሩ በሁለቱ ፊቶቹ እየተጠማዘዘ ያልፍና ጀልባዋን ወደፊት ይስባታል። የአዳማ ተርባይን ክንፍ የሚዞረውም በዚሁ መንገድ እንጂ በነፋስ ተገፍቶ ብቻ አይደለም። ግን ሁሉም ነገር ዋጋ አለው። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ያን ረጅም እንጨት ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ማዞር ብዙ ክንድ የሚጠይቅና አደገኛ ሥራ ነው። ለዚህም እነዚያ ጀልባዎች ቢሆኑ ወቅቱን ይጠብቁ ነበር።

ዛሬ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ይዞ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው ያው የድሮው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ነፋሱ ቀጥታ ከኋላ ከሆነ፣ ስፒናከር የሚባለውን እንደ ዣንጥላ የሚነፋ ቀጭን የናይለን ሸራ ሊመርጥ ይችላል። ኃይለኛ ነው፤ ግን በጥንቃቄ የሚያዝና ሰው የሚፈልግ ነው። ነፋሱ ከኋላና ከጎን መካከል ከሆነ፣ አንዱ ጠርዙ ከሌላው የሚረዝም ጄኔከር ይቀላል። ጀልባዋ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ካለና ሌሊትም መጓዝ ካለባቸው፣ ብዙዎች ሁለቱንም ትተው ሁለት ተራ ሸራዎችን ግራና ቀኝ በእንጨት ወጥረው ይሄዳሉ፤ ልክ ክንፏን እንደዘረጋች ወፍ። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ግን ይገኛል። የዋናው ሸራ አግዳሚ እንጨት በድንገት ወደ ሌላው ጎን እንዳይወረወርና ሰው እንዳይመታም በገመድ ያስሩታል።

ልብ በሉ፤ ምርጫው «የትኛው ሸራ ይፈጥናል?» አይደለም። ነፋሱ በየት በኩል ነው? ስንት ሰው አለን? ሲበረታ ማን ያወርደዋል? የበረኒቄው መርከበኛም ሆነ የዛሬው ተጓዥ እነዚህን ሦስቱን መመለስ አለበት።

አራተኛ ጥያቄም አለ፤ እሱን የሚያስተምረን ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ነው። ከአዳማ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ደምበል፣ ማለትም የዝዋይ ሐይቅ ይገኛል። የዛይ ሕዝብ ደሴቶቹ ላይ ለዘመናት ኖሯል። ቱሉ ጉዶ በተባለችው ደሴት፣ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ተጠልለውባት ነበር የሚል ትውፊት አለ። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ እንዲህ ያለ ውኃ ደግሞ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፣ ማዕበሉም አጭርና ቁልቁለታማ ይሆናል። እዚያ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው እንደ አዱሊሱ ነጋዴ ስድስት ወር ጠብቆ አይመለስም። ማታ ቤቱ መግባት አለበት። ነፋሱ ጠዋት ገፍቶ ቢወስደው ማታ ስለ እሱ ብሎ አይዞርለትም። መመለሻው ክንዱ ነው።

ስለዚህ ላንጋኖም ሆነ ሌላ ሐይቅ ላይ ጀልባ ወይም ታንኳ የምትይዙበት ቀን ከመጣ፣ የመጀመሪያውን መንገድ ከነፋሱ ፊት ለፊት ጀምሩ። ጉልበት ሳላችሁ ከባዱን ጨርሱ፣ ሲደክማችሁ ነፋሱ ወደ ቤት ይገፋችኋል። የአዱሊስ ሰዎች ወደ ሕንድ ለመሄድ ሸራቸውን የፈቱት፣ የሚመልሳቸው ነፋስ በየትኛው ወር እንደሚመጣ ካወቁ በኋላ ነው። አራተኛው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ መሄዱ ቀላል ነው፤ በምን ትመለሳላችሁ?