የሁዳዴ ሰንጋ፦ በላፍቶና በአካባቢው የበጋ ድለባ ታሪክ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ተብሎ በሚጠራው አካባቢ፣ ሰንጋ አስሮ መቀለብ የሚበረታው ፀሐይ በምትከርበትና መስኩ በሚደርቅበት ጊዜ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። ለእንስሳው የሚመቸው ወቅት ግን ይህ አይደለም፤ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና ልምላሜውን ሳይጨርስ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ በሬ በመስክ ላይ ያለ ብዙ ድካም ሥጋ ያወጣል። ድለባውን ወደ በጋው ማብቂያ የገፋው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ነው። ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ቀመር መሠረት ከመጋቢት 26 ቀድሞ ወይም ከሚያዝያ 30 ዘግይቶ አይውልም፤ ከእርሱ በፊት ያለው የ55 ቀን ዐቢይ ጾም፣ ሕዝቡ ሁዳዴ የሚለው፣ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። የሥጋ ገበያው በጾሙ ምክንያት ሲቀዘቅዝ አድላቢው በሬውን ያስራል፤ ገበያው በአንድ ሌሊት በሚከፈትበት በፋሲካ ዋዜማም ሰንጋው በጥጋብ ላይ መገኘት አለበት። በመካከል ያለው ጊዜ የዓመቱ ሞቃትና ደረቅ ወቅት በመሆኑ፣ የአድላቢው ሙያ ሁሉ የከብቱን የመብላት ፍላጎት በመጠበቅ ላይ ይወድቃል።

በሌላው ዓለም የደለበ ከብት በትርኢት ሜዳ በዳኞች ፊት ቀርቦ ለሽልማት ሲወዳደር፣ በአዲስ አበባ ይህን ቦታ ይዞ የኖረው የበዓል ገበያ ነው። በቄራ፣ በሸጎሌና በካራ ገበያዎች በሬ በአብዛኛው የሚሸጠው ተመዝኖ ሳይሆን በዓይን ግምት ነው፤ ገዢው የሻኛውን ሙላት፣ የጀርባውን ስፋትና የጠጉሩን ልስላሴ አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። ገዢዎቹ ብዙ ጊዜ ለቅርጫ የተሰባሰቡ ጎረቤቶች፣ ማለትም ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ በመግዛት ሥጋውን በእኩል መደብ የሚካፈሉ ሰዎች በመሆናቸው፣ ፍርዱ የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙ ዓይኖች ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መኖ የተወ ሰንጋ ጎኑ ጎድጎድ ብሎ፣ ጠጉሩም ቆሞ ስለሚታይ፣ የወራት ድካም በአንድ እይታ ዋጋውን ያጣል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተመሠረተች ብዙም ሳይቆይ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ደረሰ፤ ደስታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ የሀገሪቱን መንጋ በአብዛኛው ጨረሰ፤ የቤተ መንግሥቱ ግብር፣ ማለትም ሠራዊትና ሕዝብ የሚበላበት ታላቅ ማዕድ፣ እንደገና ሰንጋ በብዛት ያገኘው መንጋው ካገገመ በኋላ ነው። ከከተማው በስተደቡብ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ በሚያልፍበት ሜዳ፣ የኦሮሞ ገበሬዎች ጤፍና ስንዴ ያርሱ፣ ከብትም ያረቡ ነበር። በዚህ ዓይነቱ የእርሻ አገር የበጋ ቀለብ መሠረቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ከአውድማ የሚተርፈው ጭድ፣ ሌላው በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ በክምር የሚቀመጠው ድርቆሽ ነው። የጤፍ ጭድ ግን ለከብት ብቻ አይፈለግም፤ ጭቃ ቤት የሚመረገው በእርሱ ነውና፣ ግንባታ በሚበዛበት በጋ ከብቱና ግድግዳው ይሻሙበታል።

የአዲስ አበባ ሙቀት ከቆላው ጋር ሲነጻጸር መለስተኛ ነው፤ በመጋቢት እንኳ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ የታሰረ ሰንጋ ጥላ መርጦ አይሄድም፣ የቆርቆሮ ጣሪያም ሙቀቱን ያባብሳል፤ ከዚህ በላይ ደግሞ ከብቱ ከውስጡ የሚወጣ ሌላ ሙቀት አለበት። የሚያመሰኳ እንስሳ የበላው በጨጓራው ውስጥ በጥቃቅን ሕዋሳት ሲብላላ ሙቀት ይፈጠራል፤ ጭድና ድርቆሽ ደግሞ ከሚሰጡት ጉልበት አንጻር ከእህል ይልቅ ብዙ ሙቀት ያወጣሉ። በዚህም ምክንያት የሞቀው በሬ አስቀድሞ የሚተወው ሸካራውን መኖ ነው። አድላቢው ይህን አይቶ ጠንካራውን ቀለብ ብቻ ቢያበዛለት ማመስኳቱ ይቀንሳል፣ ጨጓራው አሲድ ይበዛበታል፣ ሆዱም ይበላሻል፤ ስለዚህ ጭዱን መተው ሳይሆን እንዲበላው ማባበል ያስፈልጋል።

ማባበያው ሰዓትና ውኃ ነው። ዋናው ቀለብ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይቀርባል፤ በቀትር ከብቱ በጥላ ሥር እንዲያመሰኳ ይተዋል። አዲስ መኖ ከመጨመሩ በፊት ገንዳው ይጠረጋል፤ ከብት የራሱን ለሃጭ ያሸተተበትን ትራፊ ይጸየፋልና። ጭዱ ጨው በሟሟበት ውኃ ይረጫል፤ በላዩም ፋጉሎ፣ ማለትም የኑግ ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ጥፍጥፍ፣ ተፈጭቶ ከፉሩሽካ፣ ማለትም ከስንዴ ገለፈት ጋር ተደባልቆ ይነሰነሳል። እርጥበቱ አቧራውን ያስቀራል፣ ጨውም ከብቱን ወደ ውኃ ይመራዋል፤ በሙቀት ወቅት የሚደልብ ሰንጋ በቀን ከ40 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል፤ ውኃው ካነሰውም መኖውን ይቀንሳል። ከጠላና ከአረቄ ጠማቂዎች የሚገኘው አተላ ለድለባ የተወደደ ነው፤ በሙቀት ግን ቶሎ ስለሚኮመጥጥና ዝንብ ስለሚስብ በዕለቱ ማለቅ አለበት። ጾሙ ራሱ ከብቱን የሚረዳበት መንገድም አለ፤ ሕዝቡ ከሥጋና ከቅቤ ሲርቅ የኑግ ዘይት ይፈለጋል፣ ዘይት በተጨመቀ ቁጥርም ፋጉሎ ይወጣል። በዚህ ሙያ ከፍ ብለው የሚታዩት የሐረርጌ ገበሬዎች ናቸው፤ ከማሳው የሚሳሳውን የማሽላና የበቆሎ ቡቃያ እየመረጡ ለታሰረው በሬ በእጃቸው ያጎርሱታል፤ የሐረር ሰንጋ በአዲስ አበባ ገበያ የያዘው ስም የዚህ ትዕግሥት ፍሬ ነው።

ከተማው ሲሰፋ የቀለቡ ምንጭ ከመስክ ወደ ፋብሪካ ዞረ። በ1922 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካና ከእርሱ በኋላ የተከተሉት ጠማቂዎች የብቅል ተረፈ ምርት፣ የዱቄት ፋብሪካዎች ፉሩሽካ አበረከቱ። በ1947 እ.ኤ.አ. ከተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት የተገኙት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞች ዘመናዊ የወተት እርባታ ሲያስጀምሩ፣ የሙቀቱ ጉዳይ ይበልጥ ጎላ፤ ሻኛ ያለው የሀገር ዘር ሙቀትን ሲችል፣ ፍሪዥያን ከ25 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መብላት ይቀንሳልና። በ1957 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ቄራ ደግሞ የእርድ ገበያውን በደቡባዊው የከተማ ክፍል አጠናከረው። ትልቁ መታጠፊያ ግን በ1967 ዓ.ም. መጣ፤ የከተማ ቦታን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ለመኖሪያ የሚያዘውን ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ስለወሰነ፣ ሣር አጭዶ መከመር ለከተማ ከብት ያዥ የማይታሰብ ሆነ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በጀሞ፣ በለቡና በጎፋ የተነሡት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የቀረውን መስክ አጠበቡት፤ ትንሹ አቃቂም በፋብሪካና በቤት ፍሳሽ ተበክሎ ለከብት የማይታመን ውኃ ሆነ።

ለዛሬው አድላቢ ከሙቀቱ ይልቅ የሚከብደው የማከማቻ እጦት ነው። ድርቆሽ በሚታጨድበት በኅዳር በርካሽ ገዝቶ መከመር የሚችል ሰው በመጋቢት ሙቀት ለከብቱ አማርጦ ያቀርባል፤ ግቢው ከበረቱ የማይተርፍ ግን ከሱሉልታና ከሰንዳፋ በመኪና የሚመጣውን ድርቆሽ በየሳምንቱ በውድ ዋጋ ይሸምታል፤ የቧንቧ ውኃም በፈረቃ ስለሚደርሰው በበርሜል አጠራቅሞ ያጠጣል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከብት እርባታን በከተማም ሲያበረታታ፣ ለመኖ ማከማቻ የሚሆን ቦታ ከእንስሳቱ ቁጥር እኩል ሊታሰብበት ይገባል፤ በየካቲት ባዶ የሆነ መጋዘን በሚያዝያ የጎደለ ሻኛ ሆኖ በገበያው ላይ ይታያልና።