«አፈር» ስንት ነው?

ሰሞኑን የልጆቻችሁን አነጋገር እየጻፋችሁ ሳቅ በሳቅ አድርጋችሁናል፤ እግዜር ይስጥልን። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ቲቸር፣ ሸደር ያስተማርክ ሰው እንዴት ዝም ትላለህ?» ብላችሁኛል። ዝም ያልኩት አጥቼ አይደለም። ልጆች ያሉትን የጻፍኩበት አንድ ሙሉ ደብተር አለኝ። ግን የኛ አካባቢ ልጆች ወሬ ሲጀመር ቀልድ ነው፣ ትንሽ ሲቆይ ታሪክ ይሆናል። እንግዲህ ረዝሟል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ጅጅጋ ነው ያደግኩት። ቤታችን አማርኛ ነው፤ ከደጅ ወጣ ሲባል ሶማልኛ። አንድ ቀን የጎረቤታችን ልጅ፣ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እኛ ምሳ ላይ እያለን ደረሰ። እናቴ እንደ ወጉ ጠቅልላ «አፈር ስሆን፣ ጉረስ!» አለችው። ጎረሰ። ጎርሶም አልሄደም፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ኋላ ትዕግስቱ ሲያልቅ አራት ጣቱን አውጥቶ አሳያት።

ለማታውቁት፣ በሶማልኛ ሲቆጠር ኮው፣ ለበ፣ ሰደሕ፣ አፈር ነው። አፈር ማለት አራት ነው። ልጁ የሰማው «አራት አጎርስሃለሁ» የሚል ቃል ነው፤ ሦስት ቀርቶበታል። እናቴ ሦስቱንም ከፈለች። ከዚያን ቀን ወዲህ እኛ ቤት እንግዳ አልበላም ብሎ ሲያስቸግር «አራት ስሆን» ነው የሚባለው።

ሌላም አለ። ሶማሌ ሴቶች ወንድን «ወርያ» ሴትን ደግሞ «ናአ» ብለው ይጠራሉ። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ሴቶች «ናአ!» እየተባባሉ ሲጠራሩ አማርኛ ተናጋሪ ወንዶች ልጆች የተጠሩ መስሏቸው ሮጠው ይደርሱ ነበር። ተልከው የተመለሱም አሉ፣ ምን ይደረግ፣ መጥተዋላ!

ሩሲያዊው የልጆች ደራሲ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ ይህን ነገር ሥራዬ ብሎ ይዞት ነበር። ወላጆች ልጆቻቸው ያሉትን እየጻፉ ይልኩለታል፣ እሱ ይሰበስባል። በ1928 እ.ኤ.አ. ታትሞ በኋላ «ከሁለት እስከ አምስት» የተባለው መጽሐፉ የዚህ ውጤት ነው። ቹኮቭስኪ የሚለው ልጅ አፉን ሲፈታ ደንብ እየፈለገ ነው ነው። እውነቱን ነው። የኛ ሕፃን «ና» ማለት ሲገባው «ምጣ» ቢል፣ ሂድ፣ ውጣ፣ ምጣ ብሎ ደንብ አክብሮ ነው፤ ደንቡን ያፈረሰው አማርኛው ራሱ ነው። (ሶማልኛም እዚሁ ቃል ላይ ደንቡን ይጥሳል፤ «ካላይ» ይላል። ዐረብኛም እንደዚያው። ሰው መጥራት ላይ ምን እንዳጣደፈን እንጃ።)

ቹኮቭስኪ ግን የሰበሰበው የሩሲያኛ ልጆችን ነው። ጅጅጋና ሸደር ያለ ልጅ ደንብ የሚፈልገው በሁለትና በሦስት ቋንቋ መካከል ነው። የሚስተው ቋንቋዎቹ የተገናኙበት ቦታ ላይ ነው። እነሱን ደግሞ ያገናኛቸው ንግድ፣ ጦርነት፣ ትምህርት ቤትና የጭነት መኪና ነው። ስለዚህ ልጁን አሳሳተው የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ታሪክ ነው።

በጭነት መኪናው ልጀምር። ሸደር ከጅጅጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ አውበሬ ወረዳ ውስጥ፣ ለሶማሊላንድ ድንበር ቀረብ ያለ ቦታ ነው። የስደተኛ ካምፑ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ አብዛኛው ሰው ከደቡብና ከመካከለኛው ሶማሊያ ጦርነት የሸሸ ነው። እኔ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ሶማሊያን በእናታቸው ወሬ እንጂ በዓይናቸው አያውቋትም። አንድ ቀን ከሥዕል ጋር ቃላት እያጠናን ነው። ሐዲድ ላይ የቆመ ነገር ሥዕል አሳይቼ «ባቡር» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ተቃወመ። አንዱ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ባቡር አይደለም። ባቡር ስንዴ ያመጣል» አለኝ።

በሶማልኛ ባቡር ማለት መኪና ነው፣ በተለይ የጭነት መኪና። ሸደር ደግሞ ትልቁ መኪና የሚጠበቀው ራሽን ጭኖ ሲመጣ ነው። ቃሉ የሁላችንም ውርስ ነው፤ መነሻው የአውሮፓውያኑ «ቫፖሬ»፣ እንፋሎት ማለት ነው፤ በዐረብኛ በኩል ነው ወደኛ የዞረው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገባ አማርኛ ቃሉን ለሐዲዱ ነገር ሰጠው። ጅጅጋና አውበሬ ግን ሐዲድ አላለፈባቸውም። ቃሉ ደረሰ፣ ባቡሩ ቀረ። ልጁ ይህንን ነው በሦስት ቃል የነገረኝ። ጋሪም እንደዚያው ነው፤ በሶማልኛ ጋሪ መኪና ነው። ጅጅጋ ውስጥ አንድ ልጅ «አባቴ ጋሪ ገዛ» ቢላችሁ ፈረሱን አትፈልጉ።

ከደብተሬ ውስጥ በጣም የምወደው ግን የፊደሉ ክፍል ነው። የሸደር ልጆች እንግሊዝኛ ማንበብ ሲጀምሩ «ቦክስ» የሚለውን «ቦሕ» ይሉታል። «ታክሲ» «ታሒ» ይሆናል። «ካት»፣ ድመቷ፣ «ዓት» ትሆናለች። ከውጭ ለሚሰማው ሳቅ ነው። ልጆቹ ግን የቤታቸውን ፊደል በትክክል ነው ያነበቡት።

ሶማልኛ በምን ፊደል ይጻፍ የሚለው ረጅም ጠብ ነበረው። በዐረብኛ ይጻፍ ያለ ነበር። ራሱ ፊደል የፈጠረም ነበር፤ ከሸደር ብዙ ሳይርቅ፣ ከድንበሩ ማዶ ቦረማ ላይ፣ ሼኽ አብዱረሕማን ሼኽ ኑር በ1933 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለሶማልኛ የራሱ ፊደል ሠርቶ ነበር። በመጨረሻ ጥቅምት 11 ቀን 1965 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ላቲኑን መረጠ። ያሸነፈው የሽሬ ጃማ አሕመድ አሠራር ነው። ብልሃቱ ምን መሰላችሁ? ነጥብና ጭረት ሳይጨመር በተራ የጽሕፈት መኪና እንዲጻፍ፣ ሥራ ፈት የሆኑት የላቲን ፊደሎች ሥራ ተሰጣቸው። «ኤክስ» ሐ ሆነች፣ «ሲ» ዐ ሆነች። በቃ። ሞቃዲሾ ላይ የተወሰነው ነገር ዛሬ ሸደር ላይ ድመቷን «ዓት» አሰኛት።

በኛ በኩል ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ትምህርቱ በአማርኛ ነው። ደርግ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲጀምር ሶማልኛ ከዘመቻው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ የተጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ክልሉ በሶማልኛ ሲያስተምር በላቲኑ ሆነ። ስለዚህ አንድ የጅጅጋ ቤት አውቃለሁ፤ አባት አማርኛ ይጽፋል፣ እናት ሶማልኛን በግዕዝ ፊደል ትጽፋለች፣ ልጅ ሶማልኛን በላቲን ይጽፋል፣ አያት ቁርኣናቸውን በዐረብኛ ይቀራሉ። ልጅየው የእናቱን የገበያ ዝርዝር አይቶ ምን አለ? «ሆዮ አማርኛ ትጽፋለች፤ ስታነበው ግን ሶማልኛ ይሆናል።» ይህን አረፍተ ነገር ለማብራራት እኔ አንድ ሙሉ አንቀጽ ፈጅቻለሁ።

(ሆዮ እናት ማለት ነው። ሶማሌ እናት ግን ልጇንም «ሆዮ» ብላ ትጠራለች፣ አባትም ልጁን «አቦ» ይላል። አንዷ ተማሪዬ «እናቴ ለምን እናቴ ትለኛለች?» ብላ ጠይቃኛለች። የኛም እናቶች «እማዬ»፣ «አባቴ» ይሉን የለ? ቆይታ ይገባታል።)

አሁን ወደ አማርኛው ክፍል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ አ እና ዐም እንደዚያው ስል ልጆቹ ተያዩ። አንዱ «ቲቸር፣ አንድ ከሆኑ ለምን ለየብቻ ታስጠናናለህ?» አለ። ጥያቄው የብዙ ምሁራን ጥያቄ ነው፤ ስንት ወረቀት ተጽፎበታል። ልጁ «ሐምሌ» ሲል ከጉሮሮው ያወጣዋል፣ «ዓመት» ሲልም እንዲሁ። አንድ ባልደረባዬ በዚህ አነጋገር ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ግን ተመልከቱ፤ ግዕዝ እነዚህን ድምፆች ይለይ ነበር፣ ትግርኛም ሐንና ዐን ዛሬም ይለያል፤ የጣልናቸው እኛ የአማርኛ ልጆች ነን። ግዕዝን ሰምቶ የማያውቅ የሸደር ልጅ «ሐምሌ»ን ከመምህሩ ይልቅ ወደ ጥንቱ አስጠግቶ ያነበዋል።

ይሄ ሳያንስ ክፍሉ ራሱ ለሁለት ተከፈለ። ከባይና ከባኮል የመጡ ቤተሰቦች የሚናገሩት ማይ ነው፤ ማይ ደግሞ እንደ አማርኛ ሐንና ዐን ጥሏቸዋል። እነዚህ ልጆች ቤታቸው ያላቸውን ድምፅ ከአማርኛ መምህር አፍ ሲሰሙ ደስ አላቸው። ሌላ ጊዜ በአነጋገራቸው የሚሳቅባቸው እነሱ ናቸውና። አንዷ ሹክ ስትል ሰማኋት፦ «ቲቸር የኛ ሰው ነው።»

ሁሉም ግን በሳቅ አያልቅም። ሶማልኛ ውስጥ «አንተ» እና «አንቺ» አይለይም፣ «እርስዎ» የሚባል ነገርም የለም፤ ለሁሉም አንድ «አዲጋ» ነው። ስለዚህ አማርኛ የጀመረ ሶማሌ ልጅ ሴቷንም ሽማግሌውንም «አንተ» ይላል። ቤት ውስጥ ቢሆን ይሳቃል፣ ይታረማል፣ ያልፋል። አዲስ አበባም እኮ ሞግዚቷን እየሰማ አባቱን «አንቺ» የሚል ልጅ ሞልቷል፤ አባትየው ደስ ብሎት ለሰው ያወራዋል። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ይህንኑ «አንተ» ያለ ልጅ ባለጌ ተብሎ ከክፍል ሲወጣ አይቻለሁ። ልጁ በር ላይ ቆሞ ምን እንዳጠፋ ያስባል። ሰዋስው ነው ያጠፋው። በእንዲህ ያለ ነገር ከትምህርት የቀረ ልጅ ስንት እንደሆነ ማንም አልቆጠረም።

ለማረፊያ አንድ ልጨምር። የኛን ቤት ልጅ ማታ የሚያስፈራራው አያ ጅቦ ነው። ሶማሌ ቤት ደግሞ ደግዴር አለች፣ ባለ ረጅም ጆሮዋ ሰው በላ ሴት። ተረቱ ሲጀመር እኛ «ተረት ተረት» ስንል «የላም በረት» ይባላል፤ እነሱ «ሼኮ ሼኮ» ሲሉ «ሼኮ ሐሪር» ይባላል፣ የሐር ተረት ማለት ነው። የወንድሜ ልጅ ሁለቱንም ቤት ውሎ ስለሚያድር ሁለቱንም ይፈራል። ኋላ አስቦ አስቦ «አያ ጅቦ የደግዴር ባል ነው» ብሎ ገላገለን። «ታዲያ ልጅ አላቸው?» ስንለው «አይ፣ በሏቸው» አለ።

አንድ ቃል ደግሞ አለች፣ ልጆች ሲጣሉ የምትወረወር። ቀሖቲ። ስደተኛ ማለት ነው። የሸደር ከተማ ልጅ የካምፑን ልጅ በኳስ ተጣልቶ «ቀሖቲ!» ብሎ ሰደበው። የተሳዳቢው አያት ሰሙና ጆሮውን ይዘው «እኔም ቀሖቲ ነበርኩ፣ እዚያ፣ በነሱ አገር» አሉት። ልጁ ግራ ገባው፤ «አያዬ፣ ታዲያ ማን ነው የቤቱ ባለቤት?» አለ።

አያትየው ልክ ናቸው። በ1970 ዓ.ም. መስከረም የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ያዘ፣ የካቲት 26 ቀን የኢትዮጵያ ጦር መልሶ ያዛት፤ በዚያ ጦርነት ከኛ ወገን እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ሶማሊያ ተሰደደ። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ መንገዱ ዞረ። ከግንቦት 1980 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳንና ቡርዖን ሲደበድብ ሕዝቡ ወደዚህ ጎረፈ። በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኛ ካምፕ የተባለው ሐርቲሼክ ያኔ ነው የተከፈተው፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። አራት ዓመት ቆይቶ የደቡቦቹ ተራ ደረሰና ሸደር ተከፈተ። ልጁ «ማን ነው ባለቤቱ?» ቢል አይፈረድበትም።

ተራው ወደኛም መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። የወንድሜ ቤተሰብ በዚያ ሳምንት ወጥቶ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ገባ። ጎረቤት ዱቄትና ብርድ ልብስ ሲያመጣ ያ የደግዴር ልጅ ትልልቆቹን አንድ በአንድ አይቶ «እኛም ካርድ ይሰጠናል?» አለ። የራሽን ካርዱን ማለቱ ነው፤ ከኔ ጋር ሸደር ሄዶ አይቶታል። መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ኋላ እናቴ ሳቀች፣ ከዚያ ሁላችንም።

አሁን ትልቅ ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ይማራል። ከጅጅጋ ጓደኛው ጋር እስከ ዛሬ በሶማልኛ ይጻጻፋል። ችግሩ አማርኛ በላቲን ፊደል ሲጽፍም «ኤክስ»ን በሐ ቦታ መጠቀሙ ነው። ባለፈው ለክፍል ጓደኞቹ የሒሳብ ፈተናው መቼ እንደሆነ ጻፈላቸው። «ክሲሳብ ምንድን ነው፣ አዲስ ትምህርት ነው?» ብለው ደወሉለት።