መጽሐፍና ግልባጩ፤ ስለ ድርሰት መብት በኢትዮጵያ

ስለ ድርሰት መብት የሚከራከሩ ሰዎች ባገራችን በሁለት ወገን ተከፍለው ይታያሉ። አንደኛው ወገን ያለ ደራሲው ፈቃድ መገልበጥ ዐይን ያወጣ ስርቆት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አባቶቻችን መጽሐፍ እየገለበጡ ሃይማኖትንና ታሪክን አቆይተውልናልና መገልበጥ ጽድቅ እንጂ ኀጢአት አይደለም ሲል ይመልሳል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የሁለተኛውን ወገን ቃል ነው። በታሪክ ላይ የቆመ ክርክር ስለ ሆነ በታሪክ መመዘን ይገባዋል።

በብራና መጻሕፍት ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ግዝት ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ነው። ግዝቱን ልብ ብለን ስንመለከተው የሰረቀንና የፋቀን ይኰንናል እንጂ የገለበጠን አይነካም። ፋቂው ከሌባው ጋር የተቈጠረውም በከንቱ አይደለም፤ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ያጻፈውን ሰው ስም ፍቆ የራሱን ያስገባ ነበርና። ስለዚህ በግዝት የሚጠበቀው ብራናው ራሱና በላዩ የሰፈረው ነገር ነበር። ቃሉን ወደ ሌላ ብራና ያሻገረ ሰው ግን ይመሰገናል እንጂ አይከሰስም።

ለዚህ ነገር ከመቅደላ ታሪክ የተሻለ ምስክር አናገኝም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙ መጻሕፍት ዘርፎ ሄደ፤ ከነዚህም ወደ 350 የሚሆኑት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ክብረ ነገሥት በሁለት ቅጂ አብሮ ሄዶ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ወደ ንግሥት ቪክቶሪያና ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ወደ ሎርድ ግራንቪል ጽፈው መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ጠየቁ። በመጽሐፉ ውስጥ ያገሩ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና ያውራጃዎቹ ስም እንደ ተጻፈበት፣ ያለርሱም ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው ገለጹ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሙዚየሙ ከሁለቱ አንዱን መለሰ።

የክብረ ነገሥት ታሪክ ያን ጊዜ በኢትዮጵያ በሌላ ቅጂ ይገኝ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ታሪኩን ለማንበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባገር ቤት ካለው ማስገልበጥ በቻሉ ነበር። የፈለጉት ግን ያንኑ መጽሐፍ ነው፤ ሥልጣኑ ከቃሉ ይልቅ በዚያ ብራና ላይ ነበረና። (ሙዚየሙ አንዱን መልሶ አንዱን ማስቀረቱን ቸርነት የሚሉት ሰዎች አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም።)

እንግዲህ ሁለተኛው ወገን እስከዚህ ድረስ እውነት አለው። የሚዘነጋው ግን አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ በጥንት ዘመን መገልበጥ በነጻ አልነበረም። ፍየሉ ይታረዳል፣ ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል፣ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ቁም ጸሐፊው ደግሞ አንድ ዳዊት ለመጨረስ ብዙ ወር ይቀመጣል። አስገልባጩ ለዚህ ሁሉ ዋጋ ይከፍላል። ለደራሲው የሚከፈል አልነበረም፤ ደራሲው አብዛኛውን ጊዜ በገዳም ወይም በቤተ መንግሥት የሚኖር ነውና እንጀራው ከድርሰቱ ሽያጭ አይመጣም። ስለዚህ በየግልባጩ የደከመው ሰው፣ ይኸውም ጸሐፊው፣ ሳይካስ አይቀርም ነበር።

ማተሚያ ቤት ሲመጣ ይኸ ሥርዐት ተናጋ። ድካሙ ከጸሐፊው እጅ ወጥቶ በደራሲውና ባሳታሚው ላይ ወደቀ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1647 እስከ 1674 ባሉት ቍጥሮቹ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነትን ደነገገ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ ወደ አማርኛ የተመለሰው ከፈረንሳይኛ ነው። ሕጉ ከግዝቱ የተለየ ነገር ይጠብቃል፤ ወረቀቱን ሳይሆን ቃሉን። ካሴት ከመጣ በኋላ ግን ዜማ እንዳሻው እየተባዛ ሲሸጥ ኖረ። በ1996 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 410 ወጥቶ የደራሲውን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ እስከ 50 ዓመት ጠበቀ። ሕጉ እንዲህ እየጠነከረ ሲሄድ የሰው ልማድ ግን ከግዝቱ ዘመን ብዙ አልራቀም፤ የመጽሐፍ መደብር ሰብሮ መጽሐፍ የሚወስደውን ሌባ የሚለው ሰው፣ ያንኑ መጽሐፍ በቴሌግራም ሲላክለት ተመስገን ብሎ ይቀበላል።

እንደኛ አስተያየት የአባቶችን ስም ጠርቶ ይኸን ማጽደቅ አይቻልም። አባቶች የተዉት ሕግ ብራናንና የጸሐፊን ጕልበት ይቈጥራል፤ ዛሬ በስልክ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሺህ ሰው በሚበትነው ዘንድ የሚቈጠር ጕልበት የለም። ባገራችን ደግሞ መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ የሚያሳትም ደራሲ ብዙ ነው፤ ፎቶግራፉ በተበተነ ማግሥት እርሱ የማተሚያ ቤቱን ቀሪ ሒሳብ ይዞ ይቀመጣል።