የመሬት ሚዛን (የወርቅ ፍለጋ)

የመሬት ሚዛን ወይም ግራውንድ ባላንስ፣ ወርቅ በዲቴክተር ሲፈለግ መሣሪያው የአፈሩን ማዕድናት እንደ ብረታ ብረት ቆጥሮ እንዳይጮህ የሚደረግ ማስተካከያ ነው። ዲቴክተር ከመሬት በላይ እየተወዛወዘ ከሥር ያለን ብረታ ብረት በድምፅ የሚጠቁም መሣሪያ ነው። ወርቅ የሚገኝባቸው ብዙ ቦታዎች በብረት ማዕድን የበለጸጉ ስለሆኑ ያልተስተካከለ መሣሪያ በዚያ መሬት ላይ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ የትንሽ ወርቅ ደካማ ምልክትም በጩኸቱ ውስጥ ይጠፋል። በሌላ በኩል ማስተካከያው አፈሩን ዝም ሲያሰኝ፣ ምልክቱ ከአፈሩ ጋር የሚመሳሰለውን ወርቅም አብሮ ዝም ሊያሰኝ ይችላል። ስለዚህ የመሬት ሚዛን አንዴ ተደርጎ የሚተው ሳይሆን በፍለጋው ሁሉ የሚደጋገም ሥራ ነው።

ታሪክ

በ1881 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በጥይት በቆሰሉት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ አካል ውስጥ የቀረውን ጥይት ለማግኘት በኤሌክትሪክ የሚሠራ መፈለጊያ ሞክሮ ነበር። ሙከራው አልተሳካም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ፕሬዚዳንቱ በተኙበት አልጋ ላይ የነበረው የብረት ሽቦ እንደሆነ ይነገራል። የሚፈለገው ነገር ምልክት በዙሪያው ባለው ነገር ምልክት መሸፈኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ የዲቴክተር ችግር ነበር ማለት ነው።

በ1937 እ.ኤ.አ. በጀርመን የተወለደው መሐንዲስ ገርሃርድ ፊሸር በአሜሪካ ለብረታ ብረት መፈለጊያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰው የሬዲዮ አቅጣጫ ጠቋሚዎች ብረታ ብረት ያዘለ ዐለት ባለበት አካባቢ እንደሚሳሳቱ ማስተዋሉ ነው።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የወርቅ ዋጋ ሲያሻቅብ በአውስትራሊያ ብዙ ሰዎች ዲቴክተር ይዘው ወደ ድሮ የወርቅ ቦታዎች ተመለሱ። በ1980 እ.ኤ.አ. በቪክቶሪያ ግዛት በኪንጎወር አቅራቢያ «የእምነት እጅ» የተባለው 27 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የወርቅ ቁራጭ በዲቴክተር ተገኘ። ይሁን እንጂ የአገሪቱ ቀይ አፈር ለዘመኑ መሣሪያዎች እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የአውስትራሊያው ማይንላብ ኩባንያ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስ ዲ 2000 በተከታታይ ምት የሚሠራ ሲሆን፣ ቀድሞ ተፈትሸው በተተዉ መሬቶች ላይ በጥልቀት ያለ ወርቅ ለማግኘት አስችሏል።

አፈሩ ምልክት የሚሰጥበት ምክንያት

ወርቅ በገበቴ የሚያጥብ ሰው ከወርቁ ጋር በመጨረሻ የሚቀረውን ከባድ ጥቁር አሸዋ ያውቀዋል። ከዚህ አሸዋ ብዙው ማግኔታይት የተባለ፣ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን ነው። ማግኔታይት የዲቴክተሩን ማግኔታዊ መስክ ስለሚያዛባ መሣሪያው ምልክቱን ይቀበላል።

ሌላው ማግሄማይት ነው። ይህ ማዕድን ለረጅም ዘመን በዝናብና በሙቀት በተበላ ቀይ አፈር ውስጥ ይገኛል፤ በሰደድ እሳት ምክንያትም ሊፈጠር ይችላል። እጅግ ደቃቅ የሆኑት ቅንጣቶቹ ማግኔታዊ መስኩ ከተቋረጠ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ምልክት ስለሚሰጡ ከብረታ ብረት ለመለየት ያስቸግራሉ። ከእነዚህ የተለየው ጨዋማ እርጥብ መሬት ነው፤ ጨው ያለበት ውኃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ራሱ እንደ ደካማ ብረታ ብረት ይታያል።

አሠራር

ወርቅ ለመፈለግ ሁለት ዓይነት ዲቴክተሮች በብዛት ያገለግላሉ።

የመጀመሪያው ቪ ኤል ኤፍ የሚባለው ነው። ኮይል ተብሎ በሚጠራው የሽቦ ጥቅል በኩል ያለማቋረጥ ተለዋዋጭ መስክ ይልካል። የሚመለሰው ምልክት ከተላከው አንጻር የተወሰነ መዘግየት አለው፤ የመዘግየቱም መጠን ለማግኔታይት፣ ለወርቅና ለመዳብ የተለያየ ነው። መሣሪያው ሲስተካከል የአፈሩ የመዘግየት መጠን ይመዘገብና በዚያ መጠን የሚመጣ ምልክት ሁሉ ይሰረዛል። የትንሽ ወርቅ መዘግየት ለአፈሩ ስለሚቀርብ ሚዛኑ ጥቂት ከተሳሳተ መጀመሪያ የሚጠፋው ትንሹ ወርቅ ነው።

ሁለተኛው ፒ አይ የሚባለው ነው። አጭር የኤሌክትሪክ ምት ልኮ ያቋርጣል፤ ከዚያ መስኩ እስኪጠፋ ድረስ ያለውን ምልክት ይለካል። የአፈሩ ምልክትና የብረታ ብረቱ ምልክት የሚደክሙበት አካሄድ ይለያያል። ለማስረዳት ያህል፣ የአፈሩ ምልክት ምቱ ከተቋረጠ 10 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ 100፣ ከ20 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ 50 ቢሆን፣ መሣሪያው ሁለተኛውን ልኬት በ2 አባዝቶ ከመጀመሪያው ሲቀንስ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል፤ አፈሩም አይሰማም። ምልክቱ ከ100 ወደ 20 የሚወርድ ትንሽ ወርቅ 60 ይሰጣል፤ ከ100 ወደ 80 የሚወርድ ትልቅ ወርቅ ደግሞ ከዜሮ በታች 60 ይሰጣል። ሁለቱም ይሰማሉ፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ድምፃቸው ይለያያል። ነገር ግን ምልክቱ በዚያው ጊዜ ከ100 ወደ 50 የሚወርድ የወርቅ ቁራጭ ካለ እንደ አፈሩ ዜሮ ሆኖ ይታለፋል። ርዝመታቸው የተለያየ ምቶችን የሚልኩ መሣሪያዎች ይህን ክፍተት ለማጥበብ የተሠሩ ናቸው።

አደራረግ

ዝርዝሩ እንደ መሣሪያው ቢለያይም ሂደቱ በአጠቃላይ የሚከተለው ነው፦

1. ብረታ ብረት የሌለበት ቦታ ይመረጣል። ኮይሉን አወዛውዞ ተነጥሎ የሚሰማ ምልክት አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ዶማና ተንቀሳቃሽ ስልክም ይርቃሉ።
2. ሳይቋረጥ በስሱ የሚሰማ መነሻ ድምፅ ይከፈታል።
3. ኮይሉ ከመሬቱ ጋር ትይዩ እንደሆነ ከ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይነሣል፤ መልሶም ይወርዳል። ይህ ይደጋገማል።
4. ኮይሉ ሲወርድ ድምፁ ከጨመረ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን፣ ከቀነሰ ወደ ሌላው ወገን አጋድሏል። በሁሉም ከፍታ ድምፁ እኩል እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። በብዙ አዳዲስ መሣሪያዎች ይህን ሥራ ቁልፍ ሲጫኑ መሣሪያው ራሱ ይሠራዋል።

ኮይሉን ከፍ ዝቅ ማድረግ ያስፈለገው የአፈሩ ምልክት ጉልበት ከርቀቱ ጋር ቢለዋወጥም የመዘግየቱ መጠን ስለማይለወጥ ነው። መጠኑ በትክክል ከተያዘ የኮይሉ ከፍታ ለውጥ አያመጣም። የአፈሩ ቀለም ሲለወጥ፣ ከኮረብታ ወደ ወንዝ ዳር ሲወረድ ወይም ኮይል ሲቀየር ሂደቱ ይደገማል።

የተለመዱ ስሕተቶችና ገደቦች

በወርቅ ላይ ማስተካከል፦ ሥሩ ብረታ ብረት ባለበት ቦታ ሚዛኑ ከተደረገ መሣሪያው የብረታ ብረቱን ምልክት ከአፈሩ ጋር ደርቦ ይይዘዋል። የሚፈለገውም ነገር እንደ አፈር ይቆጠራል።

በራስ ሰር መከታተል፦ አንዳንድ መሣሪያዎች አፈሩ በተለወጠ ቁጥር ሚዛናቸውን ራሳቸው ይለውጣሉ። ፈላጊው በአንድ ደካማ ድምፅ ላይ ደጋግሞ ካወዛወዘ መሣሪያው ድምፁን እንደ አፈር ለምዶ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች አጠራጣሪ ድምፅ ሲሰሙ ክትትሉን ይቆልፋሉ።

ትኩስ ድንጋይ፦ የብረት ማዕድን ይዘቱ በዙሪያው ካለው አፈር የተለየ ድንጋይ ነው። ሚዛኑ የተደረገው ለአፈሩ በመሆኑ ድንጋዩ እንደ ወርቅ ሊጮህ ይችላል። ስያሜው ከሙቀት ጋር ግንኙነት የለውም።

ስሜታዊነትን ማብዛት፦ በከባድ መሬት ላይ የመሣሪያውን ስሜታዊነት እስከ ጫፍ መክፈት ጥልቀት አይጨምርም፤ የአፈሩን ምልክት አጉልቶ ወርቁን ይሸፍናል። ጨዋማ መሬት ላይም ስሜታዊነቱን መቀነስ የተሻለ ነው።

በኢትዮጵያ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በትግራይና በጉጂ ወርቅ በባህላዊ መንገድ በዶማና በገበቴ ሲወጣ የኖረ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ዲቴክተርም ጥቅም ላይ እየዋለ ነው። በተለይ በምዕራብ ኢትዮጵያ በሰፊው የሚገኘው ቀይ አፈር በብረት ማዕድን የበለጸገ በመሆኑ የመሬት ሚዛንን በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የማዕድን ሥራ፣ ባህላዊውን ጨምሮ፣ ፈቃድ ይጠይቃል።