ማን ተከለው?

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ በኅዳር ወር ኢተያን ሲቃረብ የሚያየው ስንዴ ነው፤ ከስንዴው ወዲያም ስንዴ፤ ከዚያ ወዲያ የጭላሎ ተራራ። በዚያ ወርቃማ ሜዳ መካከል አልፎ አልፎ ጠቆር ያለ የዛፍ ጥቅጥቅታ ብቅ ይላል። ጉልላቱ ሳይታይ ደብር መሆኑ ይታወቃል። ከባንክ ሥራዬ ስወጣ ከነዚህ ጥላዎች በአንዱ ሥር ተቀምጬ ስንኝ መቋጠር ልማዴ ነው። (የተቋጠረው ጥቂት፣ የተቀመጥኩበት ሰዓት ግን ብዙ ነው።)

ለረጅም ዘመን እነዚህን ጥዶች ቤተ ክርስቲያን የተከለቻቸው ይመስለኝ ነበር። አርሲ ከዓመታት ውጊያ በኋላ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በራስ ዳርጌ ጦር ተሸንፋ በምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባ ግን፣ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ አድባራት ገና አልተሠሩም። ጥዱ፣ ወይራውና ኮሶው ነበሩ። በኦዳ ጥላ ሥር ሸንጎ ተቀምጦ ሕግ የሚደነግግ ሕዝብ ዛፍ ማክበርን ከመጤ አልተማረም። ቤተ ክርስቲያን የጨመረችው አጥርና ግዝት ነው፤ ያ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ደኑ በመጥረቢያና በእሳት ሲሳሳ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ሲቋቋም ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ትራክተርም ተስፋፋ። ጎተራው ሞላ፤ ጭሰኛው ከመሬቱ ተነቀለ። ለትራክተር በማሳ መካከል የቆመ ዛፍ እንቅፋት ነው።

ከአጥሩ ውስጥ የተረፈው ግን የራሱ ስውር ኑሮ አለው። ጥድም ኮሶም ወንድና ሴት ናቸው። አያቶቻችን ለሆድ ትል የጠጡት የሴቷን ኮሶ አበባ ነበር፤ የወንዱ ጥድ ብናኝ በነፋስ ወደ ሴቷ ይሄዳል። ስለዚህ አንዲት ጥድ ብቻዋን የቀረችበት ቅጥር ግቢ፣ ዛፍ አለው እንጂ ዘር የለውም። ፍሬውን ወፍ በልታ ትዘራዋለች። ከመሬት በታች ደግሞ የወይራው ሥር ከፈንገስ ክር ጋር ተሳስሮ ይኖራል፤ ሥሩ ስኳር ይሰጣል፣ ክሩ ፎስፈረስ ያመጣለታል። ገበሬያችን በከረጢት የሚገዛውን ወይራው ያለ ብድር ውል ያገኘዋል!

አንባቢ ሆይ፣ መጽሐፍም ቢሆን ያለ ዛፍ አይጀምርም። ሞት በዕፀ በለስ ገባ፤ ሕይወት በዕፀ መስቀል ተመለሰ። የኖኅ ርግብ የወይራ ቅጠል ይዛ መጣች። እየነደደች ያልተቃጠለችውን ዕፀ ጳጦስ ሊቃውንቱ የእመቤታችን ምሳሌ አድርገው ይተረጕሟታል። እኔ ግን ከትርጓሜው ጎን ሌላም ነገር አያለሁ፤ ምሳሌው መጥረቢያውን አግዶታል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ ነው፤ ችግኙን የሚፈጀው አንዱ ጠላት አጥር ጥሶ የሚገባ ከብት ነውና፣ በኋላ ከአድባራቱ ጋር የድንጋይ ካብ ወደ ማስካቡ ሄዱ።

ባሕር ዛፍን አልጠላም። በ1890ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ በተነሡ ጊዜ ከተማዪቱን ያተረፋት እርሱ ነው፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ነገር ግን አንድ የገጠር ደብር፣ ስሙን ልተወው፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ ሲል ጥዶቹን ቆርጦ ሸጠ፤ በቦታቸውም ባሕር ዛፍ ተከለ። የሽያጩን ገንዘብ ገቢ ሊያደርጉ የመጡት ሽማግሌ በእኔ መስኮት ቆሙ። ቆጠርኩት፤ አልጎደለም።

«ባሕር ዛፉ በስንት ዓመት ይደርሳል፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«በሰባት ዓመት።»

«ጥዱስ?»

«ጥዱንማ ማን ተከለው ልጄ፤ እንዲያው የበቀለ አይደል?»

ደረሰኙ ላይ ማኅተም አድርጌ ሰጠኋቸው።