የድምፅ ልጓም

ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ታሪክ የሚጻፈው ሁሉ ድምፅ እንዴት እንደ ጐላ ይተርካል፤ እንዴት እንደ ተገታ የሚተርክ ግን ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው የኤሌትሪክ ጊታር ተጫዋቾች በእጃቸው እየሠሩ በአምፕሊፋየርና በእስፒከር መካከል ስለሚያገቡት የኀይል መቀነሻ ሣጥን ነው። ነገሩ ባዕድ ቢመስልም የወሎን ክራር ለሚያውቅ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳና በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው፣ የሀብሩን ወረዳ እንደ ጨረሰ የሚቀበለው አምባሰል ነው። ከታወቁት አራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚህ አገር ነው፤ ባቲም እንዲሁ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለች ከተማ ስም ነው። እነዚህን ቅኝቶች በክራር የሚጫወተው ሰው በቀኝ እጁ ስድስቱን አውታሮች ባንድነት ሲመታ፣ የግራ እጁ ጣቶች የማይፈለጉትን አውታሮች ይዘው ዝም ያሰኛሉ። እንግዲህ ዜማው የሚወጣው ከሚመታው እጅ ይልቅ ከሚከለክለው እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የክራር ችግር ድምፁ ማነሱ ነበረ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያ ከነፉ በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ከተከፈተ በኋላ፣ የከተማው ጆሮ ታላቅ ድምፅ እየለመደ ሄደ። ቀጥሎ የኤሌትሪክ ጊታር መጣ። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተው ሰላም ሥዩም የአገራችንን ቅኝት በዚህ መሣሪያ እንዴት ማናገር እንደሚቻል ካሳዩት አንዱ ነው። ክራሩም ራሱ በብዙ መሸታ ቤት ሽቦ ተቀጥሎለት በእስፒከር መጮኽ ጀመረ።

የቀድሞዎቹ የጊታር አምፕሊፋየሮች የሚሠሩት አምፖል በሚመስል ቫልቭ ነው። ቫልቩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቈርጠዋል፤ ከዚህም የተነሣ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ሌሎች ድምፆች ይወለዳሉ። ተጫዋቾች የሚወዱት ሻካራና የሚያለቅስ ድምፅ ይህ ነው። መከራው ግን ድምፁ የሚገኘው መሣሪያው እስከ መጨረሻው ሲጮኽ ብቻ መሆኑ ነው። ቍልፉን ወደ ኋላ ቢመልሱት ጩኸቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ልቅሶውም አብሮ ይጠፋል።

በለንደን የጂም ማርሻል ሱቅ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1962 ወዲህ አምፕሊፋየሮችን እየሠራ፣ ጥቂት ዓመት ሳይቈይ 100 ዋት ደረሰ። ይህን ያህል ኀይል በመኖሪያ ቤት የሚሸከመው የለም። አሜሪካዊው መሐንዲስና የቦስተን ባንድ ጊታረኛ ቶም ሾልዝ ዜማውን በቤቱ ምድር ቤት ይቀርጽ ስለ ነበር፣ ለራሱ የሠራውን የኀይል መቀነሻ በ1980 ገደማ በፋብሪካ አሠርቶ ለሽያጭ አቀረበው። ስሙንም ፓወር ሶክ አለው፤ ኀይልን የሚጠጣ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለ 8 ኦም እስፒከር ቢኖረን፣ 5.5 ኦም ሬዚስተር በመንገዱ ላይ፣ 3.7 ኦም ደግሞ ከእስፒከሩ ጎን ለጎን ይገባል። አምፕሊፋየሩ እንደ ቀድሞው 8 ኦም ያገኘ ይመስለዋል። ከሚወጣው 50 ዋት ውስጥ 34ቱ በመጀመሪያው፣ 11ዱ በሁለተኛው ሬዚስተር ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ለእስፒከሩ 5 ዋት ብቻ ይደርሰዋል። አንባቢ ግን በዚህ ቍጥር አይታለል። ኀይሉ ወደ ዐሥረኛ እጁ ሲወርድ፣ ጆሮ የሚሰማው ድምፁ በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ ነው። በወልድያም ሆነ በመርሳ ቤትና ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ በሚዋሰኑበት መንደር 5 ዋት ጎረቤትን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ወደ ግማሽ ዋት መውረድ ያስፈልጋል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ሬዚስተሩ ደካማ ሆኖ ቢቃጠልና መሥመሩ ቢቋረጥ፣ ባለ ቫልቩ አምፕሊፋየር ያለ ሸክም ይቀርና ትራንስፎርመሩ ሊነድ ይችላል። እስከ መጨረሻው ሲጮኽም ከተጻፈበት ዋት በላይ ስለሚያወጣ፣ በመንገዱ ላይ የሚገባው ሬዚስተር 100 ዋት የሚችል፣ ሣጥኑም ብረትና ነፋስ የሚያገኝ ሊሆን ይገባል። አንድ አምፕሊፋየር ለአራትና ለአምስት ተጫዋቾች እንጀራ በሆነበት ስፍራ፣ በርካሽ ሬዚስተር የሚተርፈው ገንዘብ ገንዘብ አይባልም።

ሣጥኑን ከክራረኛው ግራ እጅ ጋር ብናመሳስለውም ልዩነቱን አንሸሽግም። የክራረኛው ጣት ይመርጣል፤ ሬዚስተር ግን ሁሉን ባንድነት ይጫናል። እስፒከር ደግሞ እንደ ሬዚስተር አንድ ዓይነት ሸክም ስላልሆነ፣ ልጓሙ በጠበቀ መጠን ድምፁ ይደነዝዛል። የሰው ጆሮም ድምፅ ሲያንስ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ይሰማል፤ ይህን የሬዚስተር ሣጥን ብቻውን አያቃናውም። ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ያለው ተጫዋች ግን ቫልቭ ስለሌለው ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልገውም፤ ቍልፉን ወደ ኋላ መመለስ ይበቃዋል።